ሊጥ ቀጠሮ አይቀበልም፦ የአንዲት የሐዋሳ ተከራይ ጉዳይ

ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ። የጠፋው የሰፈሩ መብራት አልነበረም። በጊቢው ውስጥ ያሉት ሌሎች ክፍሎች እንኳ ይበራሉ። የጠፋው የእሷ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ባልዲ ሊጥ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሏል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ምግብ ቤቶች እንጀራ ይጠብቃሉ። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖርባት ሰርቪስ ክፍል ደግሞ እንጨት የሚነድባት ዓይነት አይደለችም።

ባልዲዎቹን በባጃጅ ጭና ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ኩፍ ያለ ሊጥ ካደረ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ እንጀራ ደግሞ ምግብ ቤት አይረከብም። ሌሊቱን ስትጋግር አደረች። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራውን አስረክባ ስትመለስ ክፍሏ አሁንም ጨለማ ነበር።

ተከራይ ከቤት የሚወጣው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። እኔ ካየኋቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ ግን እንዲህ ነው የጀመሩት። መብራት ይቆረጣል። ውሃ ይዘጋል። የሽንት ቤት ቁልፍ ይቀየራል። በዚያ ሌሊት ማንም "ውጪ" አላላትም። መኖር እንዳትችል ብቻ ተደረገ።

በ2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አቤቱታ እጽፍ ነበር። ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ሴትየዋን "ተከራይዋ" እላታለሁ። አከራዩን ደግሞ ሰፈሩ በሚጠራቸው "ጋሼ" እጠራቸዋለሁ።

ውሉ

ተከራይዋ ወደ ሐዋሳ የመጣችው ከሌላ ከተማ ነው። ክፍሏን ያገኘችው በደላላ በኩል በኅዳር 2014 ነበር። ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ጊቢ። አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ። ኪራዩ በወር 1,300 ብር። የመጀመሪያውን ወር በእጅ ከፈለች። ደላላው ድርሻውን ወሰደ። ጋሼ "ልጆችሽን ይዘሽ በሰላም ኑሪ" አሏት። ውሉ ይኸው ነበር።

ስለ መብራት ስትጠይቅ "እሱ አያጣላንም" ነው የተባለችው። በኋላ ዋናው ጠብ እሱ ሆነ።

ወረቀት ያልነበረው አንዱ አንዱን ለማታለል ስለፈለገ አይደለም። ሁለቱም ወረቀት አልፈለጉም። ጋሼ ውል ከተጻፈ ግብር ይመጣል ብለው ይሰጋሉ። እሷ ደግሞ ወረቀት የጠየቀች ተከራይ ነገረኛ ትባላለች ብላ ትፈራለች። "ገና ሳልገባ ክስ የማስብ ይመስላቸዋል ብዬ ነው" ብላኛለች። ይህን ንግግር ከብዙ ተከራዮች ሰምቼዋለሁ።

አንድ ዓመት ያለ ችግር አለፈ። በዚያ ዓመት ግን ኑሮው ተገለባበጠ። በ2014 የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ጤፍ ጨመረ። ዘይት ጨመረ። በጥቅምት 2015 ጋሼ ኪራዩ 2,500 ብር እንደሚሆን ነገሯት። እሷ 1,600 መክፈል እንደምትችል ተናገረች። አልተስማሙም። "እንግዲያው እስከ ኅዳር አጋማሽ ሌላ ቤት ፈልጊ" አሏት።

ፈለገች። ሐዋሳን እግሯ እስኪነቃ ዞረች። ያገኘቻቸው አከራዮች የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ናችሁ?" ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ምን ትሠሪያለሽ?"። እንጀራ ጋጋሪ መሆኗን ሲሰሙ ቆጣሪያቸውን ያስባሉ። ሦስቱ ፊት ለፊት "ጋጋሪ አናከራይም" አሏት። የኅዳር አጋማሽም ደረሰ። መብራቱ የተቆረጠው ያኔ ነው።

በሮቹ

መብራቱ በተቆረጠ በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ወፍጮ ቤት ሄደች። ስትመለስ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ዕቃዋ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ጀሪካን፣ የልጆቹ ደብተር። የተሰበረ ነገር አልነበረም። ዕቃውን ያወጣው የጋሼ የወንድም ልጅ ፍራሹ ላይ አቧራ እንዳይገባበት ላስቲክ አልብሶታል። ይህን የምጽፈው ሰዎቹ ክፉ እንዳልነበሩ እንድታውቁ ነው። የሠሩት ነገር ግን ክፉ ነበር።

መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሄደች። የተቀበላት ፖሊስ በትሕትና ነው ያናገራት። "እህቴ፣ ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ሂጂ።" ጎረቤቶች ደግሞ "ከነገሩ ጾም እደሩ፤ ልጆችሽን ይዘሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ" አሏት። እሷ ግን ሐሙስ ዕለት እኛ ጋ መጣች። ጫማዋ ላይ የዱቄት ብናኝ ነበር። ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያ ቃሏ ስለ ቤቱ አልነበረም። "ልጆቹ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ደርሶባቸዋል" ነው ያለችው።

እዚህ ላይ ስህተት ሠራሁ። ክስ ለመመሥረት የዳኝነት ክፍያ አለ። መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ1958 ጀምሮ ይፈቅዳል። ለዚህ ግን አቅም እንደሌላት የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃውን በተለምዶ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። እኔም "መጀመሪያ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ፣ ከዚያ ክሱን እንጽፋለን" አልኳት። ቀላል ነገር ያዘዝኩ መስሎኝ ነበር።

ቀበሌው ለነዋሪው ነው ደብዳቤ የሚጽፈው። ነዋሪ መሆኗ የሚታወቀው በመታወቂያ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣችበት ከተማ መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ ብታመጣም የምትመዘገበው በአንድ የቤት ቁጥር ላይ ነው። የቤት ቁጥሩ የጋሼ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ መፈረም ያለባቸው ጋሼ ናቸው። ከቤት ባወጧት ሰው ላይ ለመክሰስ የራሳቸው ፊርማ ያስፈልጋት ነበር ማለት ነው።

አራት ቀን እዚህ ላይ አለቀ። ቅዳሜና እሁድ መሃል ገቡበት። ዛሬ ቢሆን ክሱን ጽፌ፣ ማስረጃውን ጎን ለጎን አስፈልግ ነበር። አራት ቀን ለእኔ አራት ቀን ነው። ለእሷ ግን አራት ሌሊት በሰው ቤት ነው። አንዱ ምግብ ቤትም በዚያ ሳምንት ሌላ ጋጋሪ ያዘ።

በከተማችን ለተከራይ የሚደርስ አገልግሎት የለም ማለት ትክክል አይደለም። አለ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ይሟገታል። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ነበረች። ሽማግሌ አለ። ዕድር አለ። ፍርድ ቤት አለ። ችግሩ እያንዳንዱ በር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ወረቀትሽ የት አለ?" መሆኑ ነው። በቃል የተከራየ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚጎድለው ወረቀት ነው። ስለ ሴፍቲኔት ጠይቃ ነበር። እሱም በነዋሪነት ነው የሚጀምረው። ነዋሪነቷ ደግሞ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው።

አሁን የፋይዳ መታወቂያ አለ። አዋጁ 1284/2015 ነው። ማንነትሽን ያረጋግጥልሻል። የት ቤት፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደተከራየሽ ግን አይናገርም።

እትዬ

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። ከጊቢው አጥር ማዶ፣ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ አንዲት አዛውንት አሉ። ሰፈሩ "እትዬ" ይላቸዋል። በሩ ከተቆለፈ ጀምሮ ተከራይዋና ልጆቿ ያደሩት እሳቸው ቤት ነበር።

ስለ እሳቸው ቤት ትንሽ ልበል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌዎች ተላለፉ። የኪራይ መጠንም በአዋጅ ተቀነሰ። እትዬ ይህን ቤት የያዙት ወጣት ሳሉ ነው። ዛሬም የሚከፍሉት የወር ኪራይ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አይበቃም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል። ግን ማንም ተነስቶ "ውጪ" አይላቸውም። ደረሰኝ አላቸው። ደረሰኞቹን በናይለን ከረጢት ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር ያስቀምጣሉ።

እነዚህ ሁለት ሴቶች የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አንዷ ዕድሜ ልኳን ያልተነቃነቀች ተከራይ ናት። ሌላዋ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ቤት አልባ ሆነች። ስለ ኪራይ ሲወራ ይህ ንጽጽር ሁልጊዜ ይመጣብኛል። የቀበሌ ቤት ብዙ ጉድለት አለው፣ አውቃለሁ። ለሰው እርግጠኝነት መስጠቱን ግን ማንም አይክደውም።

እትዬ ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ከተከራይዋ ጋር ቀበሌ ሄዱ። የዕድሩን ጸሐፊም አስከተሉ። እዚያ የሆነውን ተከራይዋ ናት የነገረችኝ። እትዬ ሊቀመንበሩን አላስጨነቁም፣ አልጮሁም። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ ይህቺን ሴት ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ። እዚህ ነው የምትኖረው። ቁልፍ ቢቆለፍባትም እዚህ ነው የምትኖረው። ይህን ጻፍልኝ" አሉት። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ የመዋጮ መዝገቡን ከፈተ። ተከራይዋ ከጥር 2014 ጀምሮ ወር ሳትዘል ከፍላለች። ቀበሌው በምስክሮቹ ቃልና በዕድሩ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ደብዳቤውን ጻፈ። መታወቂያ አልሰጣትም። ነዋሪ መሆኗንና አቅም እንደሌላት ግን በማኅተም አረጋገጠ።

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር።

127

ደብዳቤው ቢገኝም ዋናው ጥያቄ ቀረ። ተከራይ መሆንሽን በምን ታስረጂያለሽ? ጋሼ "ዘመድ አስጠግቼ ነው" ቢሉ ምን ይመለሳል? ደላላው ስልኩን አያነሳም። ሌሎቹ ተከራዮች ለመመስከር ፈሩ። አልፈርድባቸውም። ነገ እነሱም እዚያው ጊቢ ነው የሚያድሩት።

ታላቅየው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው። ማዕከላችን ውስጥ እናቱን ሲጠብቅ በስልኳ ይጫወት ነበር። "ኪራዩን በምን ነበር የምትከፍዪው?" ብዬ ስጠይቃት ቀና አለ። "በቴሌብር ነው። እኔ ነኝ የምልክላት" አለ።

ስልኩን ተቀበልኩት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። መልዕክት ውስጥ ገባን። ከ127 የመጡ መልዕክቶች መዓት ናቸው። የካርድ፣ የጤፍ፣ የዕቁብ። ልጁ እየጎተተ ወደ ላይ ወጣ። አንድ መልዕክት አገኘ። 1,300 ብር፣ ለጋሼ ስም፣ ታኅሣሥ 2014። ከዚያ ጥር። ከዚያ የካቲት። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር አወጣሁ። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀን፣ መጠን፣ የግብይት ቁጥር። አሥራ አንድ ወር ሞላ። የመጨረሻው ጥቅምት 2015 ነበር። አንድ ወር ላይ ብቻ ክፍያው ዘግይቷል። እሱንም ጻፍነው። ለእኛ የማይመቸውን ነገር ከደበቅን የሚመቸንንም አያምኑንም።

እናቱ ደብተሩን ዝም ብላ አየችው። "ይሄ ሁሉ ብር ከእኔ ነው የወጣው?" አለች። ዓመቱን ሙሉ አንድ ላይ ተደምሮ አይታው አታውቅም።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ያኔ ለተከራይ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ለዚህች ሴት ግን ያ ስንጥቅ ስልክ ያልተጻፈውን ውል ተክቷል። ከዚያ ወዲህ ወደ ማዕከሉ የሚመጣን ተከራይ ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። በእጅ ነው ወይስ በስልክ? በእጅ ለሚከፍሉት አዝናለሁ።

ክሱን ማክሰኞ አስገባን። ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት "ሁከት ይወገድልኝ" ማለት ነው። ይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያቀርበው ክስ ነው። ተከራይ ይህን ክስ በገዛ አከራዩ ላይ ማንሳት ይችላል ወይ የሚለው ግን ያከራክራል። ስለዚህ ዋናውን ክስ በኪራይ ውሉ ላይ አቆምነው። ውል አለ፤ ክፍያው ይመሰክራል። አከራይ ተከራዩ በቤቱ በሰላም እንዲጠቀም የማድረግ ግዴታ አለበት። ጊዜው ያልተወሰነ ኪራይ ሊቋረጥ ይችላል፣ ግን በማስታወቂያ ነው። ጓጉንቸር ማስታወቂያ አይደለም። መብራት መቁረጥም ማስታወቂያ አይደለም። በደሀ ደንብ ለመክሰስ የሚጠይቀውን ማመልከቻና የእግድ ጥያቄውን አያያዝንበት። በሩ ተከፍቶላት ክርክሩ እስኪያልቅ በቤቱ እንድትቆይ ነው የጠየቅነው።

አንድ ነገር በግልጽ ነገርኳት። ቤቱ የጋሼ ነው። በመጨረሻ ቤታቸውን ይወስዳሉ። እኛ የምንከራከረው ስለ መቼና እንዴት ነው። "መቼው ነው የቸገረኝ" አለች። ከዚህ በላይ ጉዳዩን የሚገልጽ ቃል አልሰማሁም። የምትጋግርበት ቦታና ልጆቹ ፈተና የሚያልፉበት ጊዜ ነበር የምትፈልገው።

ጋሼ

መጥሪያው ረቡዕ ደረሳቸው። በዚያው ማታ ስልክ ደወሉ፤ ለእትዬ። "እኔን ፍርድ ቤት ታስጎትተኛለች?" ብለው አዘኑ። እትዬም "ሽማግሌ እንያዝ" አሏቸው። ሐሙስ ከሰዓት ጊቢው ውስጥ ተሰበሰብን።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወደ እሳቸው ስሄድ ተቆጥቼ ነበር። ሲናገሩ ቁጣዬ ቀስ እያለ ወረደ። ጡረታቸው የት እንደማይደርስ አስረዱ። ባለቤታቸው የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። ሁለት ክፍሎች ጣሪያቸው መቀየር አለበት። ከዚያ ከኪሳቸው የመብራት ደረሰኝ አወጡ። አንድ አይደለም፣ ስድስት። በእስክሪብቶ አስምረውባቸዋል። እሷ ከገባች ወዲህ ፍጆታው በጣም ጨምሯል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምን ያህል እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ1,300 ብሩ ላይ የሚተርፋቸው ትንሽ ነበር። "ልጅቷን አልጠላኋትም። ቆጣሪዋን ነው የጠላሁት" አሉ።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሲዳማ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ቆይተው ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ እያዩ "አፊኒ?" አሉ። ሰምታችኋል? ማለት ነው። በሲዳማ ሸንጎ ነገር የሚፈታው አንዱ የሌላውን በትክክል ሲሰማ ነው፤ ውሸት መናገርም ትልቅ ነውር ነው። ከዚያ ተከራይዋን ጋሼ ያሉትን እንድትደግም ጠየቋት። ደገመችው፤ የመድኃኒቱን ነገር ጨምራ። ጋሼንም እሷ ያለችውን እንዲደግሙ ጠየቋቸው። ጋሼ ስለ ሊጡ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። መብራቱን ባስቆረጡ ሌሊት ሊጡ ኩፍ ብሎ እንደነበረ አላወቁም።

የተስማሙት ይህ ነው። በሩ በዚያው ማታ ይከፈታል። ኪራዩ ከታኅሣሥ ጀምሮ 1,800 ብር ይሆናል። የእሷን ፍጆታ ለብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ይገባል፤ የመሣሪያውን ዋጋ እኩል ይከፍላሉ፣ የሚበላውን መብራት እሷ ትሸፍናለች። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ትቆያለች። በዚያ ቀን ያለ ክርክር ትለቃለች። እስከዚያ ማንም ኪራይ አይጨምርባትም፣ ማንም መብራት አይቆርጥባትም።

ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ተሳስመን እንድንለያይ ፈልገው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ስምምነቱ ይጻፍ፣ ፍርድ ቤትም ቀርቦ ይመዝገብ አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ትንሽ ተቀየሙኝ። ዕርቅ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሲሰፍር እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ካልሰፈረ ግን ያው የቃል ነገር ነው። ይህቺ ሴት ደግሞ በቃል ነገር ምን እንደደረሰባት አይተናል። ታኅሣሥ ላይ በቀጠሮው ቀን ሁለቱም ቀርበው ስምምነታቸው ተመዘገበ።

ዘጠኝ ሌሊት ከቤቷ ውጪ አድራለች። ሁለት የምግብ ቤት ደንበኞች ነበሯት፤ አንዱን አጥታለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይቀይሩ ዓመቱን ጨርሰዋል። ሰኔ 30 ቃሏን ጠብቃ ለቀቀች። ጋሼ ዕቃ ሲጫን ፍራሹን በአንድ በኩል ይዘው አግዘዋታል።

ከተማው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር?

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በመጋቢት 2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ሳነበው ይህቺን ሴት እያሰብኩ ነበር። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ከሁለት ዓመት ያላነሰ ይሁን ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ይሁን፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸም ይላል። የእሷን ታሪክ አንድ በአንድ የሚመልስ ነው። ያኔ ቢኖርና ቢሠራበት ከ1,300 ወደ 2,500 በአንድ ቃል መዝለል አይቻልም ነበር።

አዋጅ ግን በራሱ በር አያንኳኳም። ምዝገባውን የሚሠራ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ያ ጠረጴዛ ሰው ሳይጣላ በፊት የሚሄድበት መሆን አለበት። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው በሩ ከተቆለፈ በኋላ ነው። ሽማግሌም የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንሠራው የተሰበረ መጠገን ነው።

ኒው ዮርክ ከተማ ከቤት የመውጣት ክስ ለቀረበባቸው አቅም የሌላቸው ተከራዮች ጠበቃ እንዲቆም በ2017 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች። መልካም ነው። ለእኛ ግን ከጠበቃው በፊት የሚቀድም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። የእኛ ተከራይ ክስም አይቀርብባትም። ጓጉንቸር ነው የሚጠብቃት። ቀበሌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የውል ቅጽ፣ ሁለት ወንበር። አከራይና ተከራይ አብረው ይመጣሉ። ኪራዩ ስንት ነው፣ መብራቱን ማን ይከፍላል፣ ሲለያዩ ስንት ወር ቀደም ብለው ይነጋገራሉ። ያ ቅጽ ሲሞላ ተከራይዋም እዚያው ነዋሪ ተብላ ብትመዘገብ፣ ፎርም ላይ ፊርማ ልመና የምትሄድበት ምክንያት አይኖርም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የአከራዩን የግብር ስጋት ግን በግልጽ መመለስ ያስፈልጋል። ጋሼን የመሰሉ ጡረተኞች ሁለት ክፍል አከራይተው የሚኖሩት ኑሮ እንደ ሕንፃ ባለቤት ከታየ ማንም ወደዚያ ጠረጴዛ አይመጣም።

የመብራቱን ነገርም አደራ እላለሁ። ቆጣሪ የሚጋሩ ጊቢዎች በከተማችን ብዙ ናቸው። ካየኋቸው የአከራይና የተከራይ ጠቦች ውስጥ ስንቱ ከቆጣሪ እንደተነሳ ስቆጥር ይገርመኛል። የእኛዎቹን ሁለት ሰዎች ያስታረቀቻቸው ከሽማግሌው ጥበብ እኩል ያቺ ትንሽ ቆጣሪ ናት።

ተከራይዋ አሁን ከመሃል ከተማ ራቅ ያለ ሰፈር ነው ያለችው። ቤቱን ያገኘችው በዕቁብ ጓደኞቿ በኩል ነው፤ ዕቁቡም ደርሷት የሁለት ወር ኪራይ ከፍላለች። ኪራዩ 2,200 ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ባጃጅ ይይዛሉ። ባለፈው ጊዜ ቤቷ ስሄድ ምጣዱ ላይ ነበረች። በግራ እጇ አክንባሎውን ከፍ እያደረገች በቀኝ እጇ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። ውሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ በምስማር ተሰቅሏል። ሁለት ገጽ ነው። ስድስተኛው ተራ ላይ "የመብራት ፍጆታ በተለየ ቆጣሪ ይለካል፤ አከራይ በማንኛውም ምክንያት መስመሩን አይቆርጥም" ይላል። አዲሱ አከራይ ይህ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠይቋት ነበር። "እንጀራ ጋጋሪ ነኝ፤ ሊጥ ቀጠሮ አይቀበልም" ብላ አስፈረመችው።